የቆመ ሞተር እንዴት ይነሣል?

በሬ ሲቆም ያርፋል። ሞተር ግን ሲቆም ይበላሻል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «ስድስት ዓመት ሙሉ አልነዳሁትም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ነው» እያለ አሮጌ ሞተር የሚሸጥ ሰው አለ። ገዥውም ያምነዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሞተር ሥራ ላይ ሳለ ዘይቱ እየተረጨ የውስጡን ብረት ሁሉ ያለብሰዋል። ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ ክረምት ይመጣል። የሰሜን ጎንደር ደጋ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። እርጥበቱም በጭስ መውጫው በኩል ገብቶ እስከ ሞተሩ ሆድ ይደርሳል። ብረቱ ይዝጋል። የቀረው ቤንዚን ደግሞ ቀላሉ ይተንና ከባዱ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። እንግዲህ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበት ሞተር አንድ ቀን እንኳ ሳይነዳ ሲሠራ ከኖረው ሞተር የባሰ ሊታመም ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምንማረው አንድ የተጣለ አሮጌ ሞተር ሳይክል፣ የአገሬው ሰው ዶቅዶቄ የሚለው፣ ሞተሩ ተፈትቶ እንዴት እንደሚታደስ ነው። ዶቅዶቄ የሌለው ገበሬ «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በደምቢያ ሜዳ ሽንኩርት የሚያጠጣው ትንሹ የውኃ መሳቢያ ሞተርም ውስጡ ያው ነው። እሱም ዝናብ ሲጥል ጓዳ ይወረወራል። እስከ በጋ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። በጋ ሲገባ ሽንኩርቱ ውኃ ይላል፤ ሞተሩ ደግሞ እምቢ ይላል። መካኒክ እስኪገኝ አትክልቱ አይጠብቅም።

ሞተር በጎንደር አገር የበዛው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1928 ዓ.ም. ስታራቼ የሚባል የፋሺስት ሹም በካሚዮን የተጫነ ጦር እየመራ ከአሥመራ ተነሣ። መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ከተማዋን አምስት ዓመት ተኩል ያህል ያዙ። ፒያሳን ሠሩ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ገደሉን እየፈለጡ አወጡ። በመጨረሻም አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበቧቸው። የወልቀፊት ምሽግ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጄኔራል ናሲ ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደርን አስረከበ።

ጌታው ሄደ፤ ብረቱና የብረቱ ስም ቀረ። ዛሬም አንድ የጎንደር መካኒክ ሲናገር ብንሰማው ከቃሉ ብዙው ከጣሊያን የመጣ ነው። ካንዴላ፣ ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ቢዬላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ ይላል። ጣሊያንኛ ማወቅ አያስፈልገውም። ቃሉ አማርኛ ሆኗል።

የጣሊያን ጦር ይነዳቸው ከነበሩት ሞተር ሳይክሎች አንዱ ሞቶ ጉዚ ይባላል። ፋብሪካው በ1913 ዓ.ም. ማንዴሎ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተቋቋመ። ለጦሩ የሠራቸው ጂ ቲ 17 እና እሱን የተካው አልቼ የሚባሉት ሞተሮች ሲሊንደራቸው አንድ ብቻ ነው። ሲሊንደሩም እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ፊት ተጋድሞ ይተኛል። የአፉ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት 82 ሚሊ ሜትር ነው። ጉልበቱ 13 ፈረስ ያህል ነው። በጎኑ በኩል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ የሆነ ትልቅ የብረት መዘውር ከውጭ ይታያል። ዕቃው ጥቂትና ጠንካራ ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል። ስለዚህ ምሳሌያችን እሱ ይሁን።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ሲሊንደሩን እንደ ሙቀጫ፣ ፒስቶኑን እንደ ዘነዘና እንቁጠረው። ልዩነቱ፣ ይህ ዘነዘና ከሙቀጫው ግድግዳ ጋር ልክ ለልክ መሆኑ ነው። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲሄድ እንደ ወናፍ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሲመለስ ይጨምቃል። በዚያች ቅጽበት ካንዴላው እሳት ይተፋል፤ የተጨመቀው ይቀጣጠልና ፒስቶኑን ይገፋዋል። አራተኛው ምልልስ ጭሱን ያስወጣል። ቢዬላ የሚባለው ክንድ የፒስቶኑን ምልልስ ተቀብሎ ኮሎ የሚባለውን ዘንግ ያዞራል። ዘንጉ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር ፒስቶኑ በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ 50 ጊዜ ይመለሳል። ዓይን ጨፍነን እስክንገልጥ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተጣለው ዶቅዶቄ እንመለስ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ወጥቶ መርገጫውን በኃይል መርገጥ! ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ፒስቶኑ በዝገት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከሆነ የጉልበት እርግጫ ፋሻውን ይሰብራል፣ መርገጫውን ያጣምማል። እንዲህ ያለ ንግግር በየጋራዡ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ በኃይል ቢረገጥ አይነሣም?»

«አይ ልጄ! ተወው። መጀመሪያ ዘይት ይጠጣ።»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ተደባልቆ ይጨመራል። ሲሊንደሩ የተጋደመ በመሆኑ የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ከፍ ይበል፤ አለዚያ ዘይቱ ከአፉ ቀርቶ ፒስቶኑ ጋ አይደርስም። ከዚያ ሦስት አራት ቀን፣ ሲብስም ሁለት ሳምንት ይቆያል። በመጨረሻ ትልቁ ማርሽ ይገባና የኋላ ጎማው በእጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቀስ ተብሎ ይወዘወዛል። የጤፍ ፍሬ ያህል እንኳ ከተነቃነቀ ተስፋ አለ። መዶሻ ግን አይነካውም። ብዙ አሮጌ ሞተር የሞተው በዝገት ሳይሆን በመዶሻ ነው።

ሲላቀቅ መፍታት ይጀመራል። ፊደል ያወቀ ሰው ከማያውቀው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ያልተማረው መካኒክ የተፈታውን ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ይከምራል፤ ሲገጥም ሦስት ቡሎን ይተርፈዋል፣ ሁለት ይጎድለዋል። የተማረው ደብተር ይይዛል። ከቴስታታው የወጡትን ቡሎኖች በጨርቅ ቋጥሮ «ሀ» ብሎ ይጽፍበታል። ከካምቢዮው የወጡትን «ለ» ይላቸዋል። በደብተሩ ላይ «ሀ፦ ከቴስታታ፤ ረጅሙ በቀኝ በኩል» ብሎ ያሰፍራል። የጥርሶቹ አገጣጠም ምልክት ካለው ምልክቱን ሥሎ ያስቀምጣል። ሥራው በገንዘብ እጥረት ለአንድ ዓመት ቢቋረጥ እንኳ ደብተሩ አይረሳም።

ዕቃው ሲታጠብ ላምባ ወይም ናፍጣ ይሻላል። በቤንዚን ማጠብ የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ መጥፎ ልማድ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ ሌላ ክፍል ያለውን ምድጃ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ መጨነቅ ይቀራል።

ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ሲደረደር ሒሳብ ይያዝ። የሞተሩ ቤት ከተሰነጠቀ፣ ኮሎው ከተሰበረ፣ ጥርሶቹ ከተበሉ፣ መተዉ ይሻላል። ሁሉም አሮጌ ዕቃ መነሣት አለበት የሚል ሕግ የለም። የአንድ ላም ዋጋ የሚያስወጣ ጥገና ለጥጃ ዋጋ ሞተር አይገባም። ያለቀው ፒስቶን፣ ፋሻና ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ግን ያዋጣል። ለእነዚህ አሮጌ ጉዚዎች መለዋወጫ ዛሬም በጣሊያን አገር እየሠሩ የሚሸጡ አሉ። ባለ ንብረቱ የሚቀየረውን ዕቃ ከነዋጋው በወረቀት ያስጽፍ፣ አንብቦም ይፈርም። ተቀየረ የተባለውን አሮጌ ዕቃም ቆጥሮ ይቀበል።

ከሁሉም የሚከብደው መለካቱ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት የ1 ሳንቲ ሜትር አሥረኛ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሞተር ውስጥ ግን የጤፍ ፍሬ በጣም ትልቅ ነው! በዚህ ሞተር በፒስቶኑና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት የጤፏ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ክፍተቱ ለምን ተተወ? ብረት ሲሞቅ ያብጣልና ነው። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ከሲሊንደሩ ብረት እጥፍ ያህል ያብጣል። ክፍተት ካልተተወለት ሲሞቅ ተወጥሮ ይያዛል። ሊማሊሞን ሲወጣ የኋላ ጎማው በድንገት ቀጥ ይላል ማለት ነው። ከታች ገደል ነው። ክፍተቱ ሲበዛ ደግሞ እሳቱ በጎን ያመልጣል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ጉልበት ይጠፋል።

ይህን ክፍተት የሚደፍኑት ፋሻዎቹ ናቸው። ቁስል ከምናስርበት ፋሻ ጋር ስማቸው አንድ ነው፤ ፒስቶኑ ወገብ ላይ ታስረዋልና። ፋሻ ሙሉ ቀለበት አይደለም። አፉ ክፍት ነው። አዲስ ፋሻ ሲመጣ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ ተደርጎ ይገባና የአፉ ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ይለካል። የሲሊንደሩ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለኛ 88 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር 0.3 ገደማ ይበቃል፤ የጤፏ ሲሶ። ይህን ሳይለኩ የሚገጥሙ አሉ። የፋሻው አፍ ከገጠመ፣ ሲሞቅ ማበጫ ያጣና ግድግዳውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል።

ሲሊንደሩ ማለቁን በጥፍር ማወቅ ይቻላል። ጥፍራችንን ከውስጥ ወደ አፉ ብንጎትት ፋሻው የማይደርስበት ቦታ ላይ እንደ ከንፈር ያለ ነገር ያደናቅፈናል። ከዚያ በታች ያለው ተበልቷል ማለት ነው። አበላሉም እኩል አይደለም፤ ፒስቶኑ ወደ አንድ ጎን ስለሚጫን ክቡ እንቁላል ይመስላል። ያለቀው ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በአብዛኛው ባለ ቶርኖ ዘንድ ተወስዶ መስፋትና በልኩ ወፈር ያለ ፒስቶን መግባት አለበት። ፒስቶኑ መጀመሪያ ይገዛ፤ ሲሊንደሩ በፒስቶኑ ልክ ይስፋ። ሲሊንደሩን አስፍቶ ፒስቶን ፍለጋ መዞር፣ ጫማ ገዝቶ እግርን እንደ መሞረድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በእጅ «አስፋሁት» የሚለውን ሰው አትመኑት።

ድሮ በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያሉ ያሸማቅቁት ነበር። ማረሻውን ግን ከእሱ ይወስዱ ነበር። ዛሬ ባለ ቶርኖ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት የእነዚያው የተሳዳቢዎቹ ልጆች ናቸው።

ኩሽኔታዎቹ በላምባ ታጥበው በጣት ይሽከርከሩ። በእንጀራ ውስጥ አሸዋ ሲገኝ ጥርስ ላይ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ካለ ይጣላሉ። ቢዬላው ወደ ጎን ጥቂት ቢንቀሳቀስ ጤና ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀጫቀጨ ግን አልቋል። አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ቤቱንም ኩሽኔታውንም ይጎዳል። የአሉሚኒየሙ ቤት በፈላ ውኃ ቢሞቅ አብጦ ይከፈትና ኩሽኔታው በእጅ ይገባል። ከዚያ ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው። በጎንደር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይጠጋል። (በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም ስለዚህ ነው።) ስለዚህ ደባርቅ ላይ የሚሠራ ሰው ብረቱን ከውኃው ሲያወጣ ፈጠን ይበል። በቀጥታ እሳት ላይ ማስቀመጥ ግን ቤቱን ያጣምመዋል።

ቫልቮቹ የወናፉ በሮች ናቸው። በር ካልገጠመ ወናፍ አይነፋም። ስሜሪሊዮ ተቀብተው በመቀመጫቸው ላይ ወዲያና ወዲህ ይታሻሉ። ዙሪያውን ያልተቋረጠ ግራጫ ቀለበት ሲታይ ይበቃል። ስሜሪሊዮው አንዲት ቅንጣት ሳይቀር ይታጠብ፤ ከቀረ ሞተሩን ከውስጥ ይፈጨዋል። በኋላ ቫልቮቹ ተገጥመው ላምባ ይፈስስባቸዋል። አድሮ ካላንጠባጠበ ሥራው ተሠርቷል። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፤ ነገር ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው።

እሳቱን የሚሰጠው ማግኔቶ ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ካንዴላው ከሽቦው ጋር ተያይዞ ቴስታታው ላይ ይጋደምና ሞተሩ ይዙር። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ መልካም። ቢጫና ደካማ ከሆነ መክፈቻና መዝጊያ ጥርሶቹ ይጸዱ። የካንዴላው ክፍተትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑ ይታይ።

አሁን ለደጋ ሰው ልዩ የሆነው ነገር መጣ። ማንዴሎ ያለችው ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ ከ2800 ሜትር ታልፋለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 10 እጅ የሆነው አየር ጎንደር ላይ 8 ያህል፣ ደባርቅ ላይ 7 ያህል ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን ለባሕር ዳርቻው አየር በተሠራለት ልክ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ወጡ ብዙ፣ እንጀራው ጥቂት ይሆናል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካንዴላውን በጥላሸት ይለብጠዋል። ባለ ዶቅዶቄው «ካንዴላው ጥራት የለውም» እያለ ሦስት አራት ይገዛል። ችግሩ ከካንዴላው አይደለም። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ጉጥ በጠበበች ጉጥ ትቀየር። ካንዴላው ይመሰክራል፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፣ የተቆላ ቡና ከመሰለ ልክ ነው፣ ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል፤ ፒስቶኑም ሊቀልጥ ይችላል። ለደባርቅ የተስተካከለ ሞተር ወደ ዛሪማ ቆላ ወርዶ የሚሠራ ከሆነ እንደገና ይታይ፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል።

ጉልበትም ይቀንሳል። 13 የነበረው ፈረስ ደባርቅ ላይ 9 ወይም 10 ቢሆን ነው። ይህ የመካኒኩ ጥፋት አይደለም። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ዳገት የሚያወጣ ሰው ግን ጥፋቱን መካኒኩ ላይ ይጥላል።

ተገጥሞ ያለቀ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ካንዴላው ወጥቶ ብዙ ጊዜ በእጅ ይዙር፤ ዘይቱ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ከተነሣ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር አይጋለብ። ጎንደርና ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ሁለት ደርሶ መልስ ተኩል ቀስ ተብሎ ይነዳል ማለት ነው። አዲሶቹ ፋሻዎችና አዲሱ ግድግዳ ገና እየተላመዱ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚወጣው ዘይት ቢታይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይት ከአንድ ጉዞ በኋላ ይደፋ። «ገና አዲስ ነው» ብሎ መሳሳት አያስፈልግም።

ክረምት ሲመጣ ዶቅዶቄውም ሆነ የውኃ መሳቢያው ሥራ የሚፈታ ከሆነ ቤንዚኑ ከጋኑም ከካርቡራተሩም ተንጠፍጥፎ ይውጣ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ይዙር። ማርሚታው ዘይት በነካ ጨርቅ ይደፈን። ከዚያም በወረቀት ላይ «ማርሚታው ተደፍኗል፤ ቤንዚን የለውም» ተብሎ ተጽፎ እጀታው ላይ ይንጠልጠል፤ በጥቅምት የሚያስነሣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።